ሬዲዮው የተነሣበትን ቅጽበት ከቢከን ማንበብ፦ የገመድ አልባ አክሰስ ፖይንት መቋረጥ መንስኤን ለመለየት የሚረዳ ስልት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

«አክሰስ ፖይንቱ ሪሴት አደረገ» የሚለው የተለመደ ሪፖርት መንስኤያቸው የማይገናኝ በርካታ ክስተቶችን በአንድ ስም ይጠራል። ይህ አጭር ጽሑፍ መንስኤው ከመፈለጉ በፊት የክስተቱ ዓይነት መለየት እንዳለበት ይከራከራል። ለዚህም እያንዳንዱ የ802.11 ቢከን ተሸክሞት የሚወጣው የጊዜ ቆጣሪ፣ የመሣሪያው መዝገብ በማይገኝበት ወይም በማይታመንበት ጊዜ እንኳ፣ ሬዲዮው የተነሣበትን ቅጽበት ከውጭ ሆኖ ለማወቅ እንደሚያስችል ያሳያል። ስልቱ በአንድ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ላይ እንዴት እንደተሠራበትና ገደቡ የት ላይ እንደሆነም ተመልክቷል።

ቁልፍ ቃላት፦ ገመድ አልባ ኔትወርክ፣ አክሰስ ፖይንት፣ ቢከን፣ የጊዜ ቆጣሪ፣ የብልሽት ምርመራ

1. የችግሩ አነሣሥ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። በንባብ አዳራሹ ውስጥ ኢንተርኔት በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። ተማሪ የኮርስ ፈተናውን በኮምፒውተር እየሠራ ሳለ የሚጠፋ ኔትወርክ ከመጉላላት ያለፈ ጉዳት አለው፤ በሰዓቱ ያላስረከበው መልስ እንዳልተመለሰ ይቆጠርበታልና። ቅሬታው ሲበዛ የተሰጠው የመጀመሪያ ማብራሪያ «ተጠቃሚው በዝቶ ነው» የሚል ሆነ። ሁለተኛው «ዕቃው አርጅቷል» የሚል ነበር፤ በዚህም መሠረት አንድ አክሰስ ፖይንት ወርዶ ከመጋዘን በወጣ አዲስ ተተካ። አዲሱም እንደ አሮጌው መውደቁን ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ዕቃውን ወደ ሰቀለው ቴክኒሻን ዞረ።

በውጭ ምንዛሪ የሚገዛን ዕቃ በግምት መቀየር ለማንኛውም ተቋም ውድ ነው፤ ሰውን በግምት መክሰስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ጉዳዩ የገባው ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቱ የገመድ አልባ ትራፊክ ናሙና በዚያው አዳራሽ ይሰበስብ ስለነበር ነው። የናሙናው ፋይል በየቀኑ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው፣ መቆራረጡ ራሱ ከዋናው ጥናት ይልቅ ትኩረቱን ሳበው።

2. መዝገቡ ለምን አይበቃም

አንባቢ «የአክሰስ ፖይንቱን መዝገብ ማየት አይቀልም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መዝገቡ ካለ መታየት አለበት። ነገር ግን በበርካታ አክሰስ ፖይንቶች ላይ መዝገቡ የሚቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲነሣ ልናነበው የምንፈልገው መስመር አብሮ ይጠፋል። መሣሪያው ከተነሣም በኋላ ሰዓቱን ከኔትወርክ እስኪያገኝ ድረስ ከፋብሪካ በተሰጠው ቀን ላይ ስለሚቆም የመጀመሪያዎቹ መስመሮች የያዙት ጊዜ ትርጉም የለውም። ከዚህ ሌላ ኮንትሮለሩን የማየት ሥልጣን ያለው ሰውና ችግሩ የሚደርስበት ሰው በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ በጽሑፍ ሲነገር እምብዛም ባላየውም ለሦስት ቀን አሳስቶኛል። ተማሪው «ስምንት ሰዓት ላይ ጠፋ» ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የላፕቶፑ ሰዓት በዚያን ጊዜ 14፡00 ይላል። የኮንትሮለሩ መዝገብ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት የሚጻፍ ከሆነ 11፡00 ይላል። ከመደበኛው ሰዓት ላይ 3 ስንደምር የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት እናገኛለን፤ 3 ስንቀንስ ደግሞ በቀኑ ክፍለ ጊዜ የኢትዮጵያን አቆጣጠር። ሁለቱን ማምታታት እጅግ ቀላል ነው፤ ያምታታ ሰውም ከተማሪው ቅሬታ ጋር የሚገጥም መስመር በመዝገቡ ስላላገኘ ብቻ «ምንም አልተከሰተም» ብሎ ይደመድማል። ከዚህ በታች ሰዓት የሚጠቀሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

3. ቢከኑ የሚያውቀው

በ802.11 መስፈርት መሠረት እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት መኖሩን የሚያስታውቅ ቢከን የተባለ አጭር መልእክት በየጊዜው ያሰራጫል። የተለመደው ልዩነት 100 የጊዜ አሃድ ነው። አንዱ የጊዜ አሃድ 1024 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ በሁለት ቢከኖች መካከል 102.4 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ በሰከንድ ወደ አሥር የሚጠጋ ቢከን ይወጣል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቢከን ይዘት መጀመሪያ ላይ ባለ 64 ቢት ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር በምሕጻሩ ቲኤስኤፍ የሚባለው የጊዜ ማቀናጃ ቆጣሪ ንባብ ነው። ቆጣሪው በማይክሮሰከንድ የሚቆጥር ሲሆን፣ ዋና አገልግሎቱ አክሰስ ፖይንቱና ደንበኛ መሣሪያዎቹ በአንድ ሰዓት እንዲመሩ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ባትሪ ለመቆጠብ የሚያሸልብ ስልክ መቼ ነቅቶ ቢከን መስማት እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላ ጠባዩ ነው። ሬዲዮው ጠፍቶ ሲነሣ ቆጣሪው በአብዛኛው ከዜሮ ይጀምራል። ቀንና ዓመተ ምሕረት አያውቅም፤ የሚያውቀው ከተነሣ ስንት ማይክሮሰከንድ እንዳለፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ቢከኑ ከተያዘበት ሰዓት ላይ የቆጣሪውን ንባብ ብንቀንስ ሬዲዮው የተነሣበትን ቅጽበት እናገኛለን። ለምሳሌ ከቀኑ 9፡20 ላይ የተያዘ ቢከን 4,200,000,000 ቢያነብ፣ ይህ 4,200 ሰከንድ ወይም 70 ደቂቃ ነው፤ ሬዲዮው የተነሣው 8፡10 ላይ ነበር ማለት ነው። ይህን ቅጽበት በዚህ ጽሑፍ «የልደት ቅጽበት» እንለዋለን።

የስልቱ ትልቁ ጥቅም ያለማቋረጥ መቅዳትን አለመጠየቁ ነው። በሰዓት አንድ ቢከን ብቻ የያዘ ሰው ሬዲዮው መቼ እንደተነሣ በሰከንድ ደረጃ ማወቅ ይችላል። የልደት ቅጽበቱ ከናሙና ናሙና ካልተለወጠ ሬዲዮው አልተነሣም፤ ወደፊት ከዘለለ ተነሥቷል። በሁለት ናሙናዎች መካከል ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ከሆነ የሚታየው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ስለሆነም የናሙናው ልዩነት ከሚጠበቀው ድግግሞሽ ማነስ አለበት። በሊኑክስ ላይ በዙሪያ ያሉ ኔትወርኮችን የሚዘረዝረው የተለመደው የስካን ትእዛዝ የቆጣሪውን ንባብ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ ስለሚያሳይ ልዩ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። ቢከን ያልተመሰጠረና ለሁሉም የሚሰራጭ መልእክት በመሆኑ ናሙናው የማንንም ተጠቃሚ ግንኙነት አይነካም፤ ይህም ለጥናት ፈቃድ መጠየቅን አቅልሏል።

ሁለት ጥንቃቄዎች እዚህ ላይ መነሣት አለባቸው። የመጀመሪያው የሰዓት መንሸራተት ነው። መስፈርቱ ለቆጣሪው የሚፈቅደው ስሕተት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.01 በመቶ ነው፤ በቀን 86,400 ሰከንድ ስላለ ይህ በቀን እስከ 8.64 ሰከንድ ይደርሳል። በመሆኑም የልደት ቅጽበት በየቀኑ በጥቂት ሰከንድ ቢንሸራተት የመሣሪያው ክሪስታል ጠባይ እንጂ መነሣት አይደለም። መንሸራተት ቀስ ብሎ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ መነሣት ግን በአንድ ጊዜ ይዘላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፦ የልደት ቅጽበት የመቋረጡ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ሬዲዮው የወደቀው ከዚያ በፊት፣ አንዳንዴም ከደቂቃዎች በፊት ነው። ስለዚህ መንስኤውን በሌላ መዝገብ ላይ ስንፈልግ ዓይናችን ከልደት ቅጽበቱ ወደ ኋላ ማየት አለበት።

4. አራቱ ክስተቶች

የልደት ቅጽበት ብቻውን መንስኤን አይናገርም። የሚናገረው ከሦስት ነገሮች ጋር ሲነጻጸር ነው፦ መሣሪያው ራሱ ሳይጠፋ ከቆየበት ጊዜ፣ በዚያው መሣሪያ ላይ ካለው ሌላ ሬዲዮ የልደት ቅጽበት፣ እንዲሁም ሬዲዮው ከመውደቁ በፊትና ከተነሣ በኋላ ከሚሠራበት ቻናል።

መሣሪያውም ሁለቱ ሬዲዮዎችም አዲስ ከሆኑ የጠፋው አክሰስ ፖይንቱ ነው። ያን ጊዜ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ማውራት ትርፍ ድካም ነው፤ የሚመረመረው የኃይል አቅርቦቱ፣ ቀጥሎም ፈርምዌሩ ነው። መሣሪያው የቆየ ሆኖ የ2.4 ጊጋኸርዙና የ5 ጊጋኸርዙ ሬዲዮ በአንድነት አዲስ ከሆኑ፣ ሁለቱን የሚያዝዝ የጋራ አካል አጥፍቶ አስነሥቷቸዋል፤ ይህ አካል ወይ አዲስ ውቅር ያወረደ አስተዳዳሪ ነው ወይ ከኮንትሮለሩ ጋር የነበረው ግንኙነት መቋረጥ።

የ5 ጊጋኸርዙ ሬዲዮ ብቻ ወድቆ በሌላ ቻናል ከተነሣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ራዳር ነው። ከ5250 እስከ 5350 እና ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ገመድ አልባ ኔትወርክ የሚጠቀመው ለራዳር ቅድሚያ በመስጠት ነው። ራዳር የሰማ አክሰስ ፖይንት በ10 ሰከንድ ውስጥ ቻናሉን መልቀቅና ለ30 ደቂቃ አለመመለስ ይገደዳል። የሚሄድበት አዲስ ቻናልም በዚያው ክልል ውስጥ ከሆነ ከማሰራጨቱ በፊት 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፤ በአውሮፓ ደንብ ለአየር ሁኔታ ራዳሮች በተተወው ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ባለው ክፍል ደግሞ ማዳመጡ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ተጠቃሚው ይህን ሁሉ «ሪሴት» ብሎ ይጠራዋል፤ መሣሪያው ግን ሕግ እያከበረ ነው። በእውነት ራዳር መኖሩና መሣሪያው ሌላ ድምፅን ራዳር ብሎ መሳቱ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። መለያው ቀላል ሙከራ ነው፦ ሬዲዮውን ከ36 እስከ 48 ባሉት፣ የራዳር ግዴታ በሌለባቸው ቻናሎች ላይ ማሠራት። ችግሩ ከቆመ ጥርጣሬው ትክክል ነበር።

አንድ ሬዲዮ ብቻ ወድቆ በዚያው ቻናል በአጭር ጊዜ ከተነሣ፣ ሰርኪዩቱ ወይም ድራይቨሩ ተንጠልጥሎ ጠባቂ ፕሮግራም እንዳስነሣው ይገመታል። እዚህ ላይ ማብራሪያ የሚሻ ነገር አለ። ከሊኑክስ ከርነል 2.6.27 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሚገኘው ኤቲኤች9ኬ የተባለው ድራይቨር ሬዲዮውን ያስነሣበትን ምክንያት በዓይነቱ ቆጥሮ በማረሚያ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ «የተጣበቀ ቢከን» ነው። ቢከን በተወሰነለት ሰዓት መውጣት አለበት። አየሩ ሥራ በዝቶበት እንደሆነ ሬዲዮው ከተረዳ ግን ቢከኑ ይጠብቃል። በተከታታይ የመውጫ ሰዓቶች መውጣት ካቃተው ድራይቨሩ «ሰርኪዩቱ ተንጠልጥሏል» ብሎ ይደመድምና ያስነሣዋል። ይህ ማለት በአቅራቢያ ያለ፣ ያለማቋረጥ የሚያሰራጭ የአናሎግ ቪዲዮ ካሜራ የመሣሪያ ብልሽት የሚመስል መዝገብ ሊያስጽፍ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ባለው ቦታ አክሰስ ፖይንቱን መቀየር አዲሱን ዕቃ ለዚያው ካሜራ አሳልፎ ከመስጠት አያልፍም።

ከእነዚህ ውጭ የልደት ቅጽበቱ ሳይለወጥ ቻናሉ ብቻ የሚለወጥበት አጋጣሚም አለ። ይህ ኮንትሮለሩ የተሻለ ቻናል መርጦ ያዘዘው ዝውውር ነው። ደንበኞች ለአፍታ ሊቋረጡ ይችላሉ፤ ሬዲዮው ግን አልወደቀም።

5. ስለ ኃይል አቅርቦት

መሣሪያው ራሱ በሚጠፋበት ጊዜ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በዳታ ኬብሉ የሚላከው ኃይል ነው። በ802.3ኤኤፍ መስፈርት ስዊቹ በአንድ ወደብ የሚሰጠው 15.4 ዋት ሲሆን፣ አክሰስ ፖይንቱ ዘንድ እንዲደርስ ዋስትና የተሰጠው 12.95 ዋት ብቻ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማስላት ይቻላል፦ 0.35 አምፔር በ20 ኦም ኬብል ውስጥ ሲያልፍ 2.45 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ802.3ኤቲ ቁጥሮቹ 30 ዋት፣ 0.6 አምፔር፣ 12.5 ኦም ናቸው፤ ብክነቱ 4.5 ዋት፣ የሚደርሰው 25.5 ዋት ይሆናል።

እዚህ ላይ የኬብሉ ጥራት ይገባል። በገበያችን «መዳብ» ተብሎ የሚሸጥ፣ ሲፋቅ ግን ውስጡ ነጭ የሆነ፣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ኬብል አለ። አሉሚኒየም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቃወምበት መጠን የመዳብን አንድ ከግማሽ እጥፍ ያህል ነው። ለኔትወርክ በተለመደው ውፍረት 100 ሜትር የመዳብ ሽቦ 8.4 ኦም ገደማ አለው። ኃይሉ በአንድ የሽቦ ጥንድ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ የደርሶ መልሱ ድምርም 8.4 ኦም ገደማ ይሆናል። በተለበጠው አሉሚኒየም ይህ ወደ 13 ኦም ከፍ ብሎ የ802.3ኤቲን ወሰን ያልፋል። ጣሪያ ሥር በሚያልፍ ኬብል ላይ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ተቃውሞው በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ያድጋል።

ይህ ዓይነቱ ብልሽት የሚታወቀው ሸክም ሲበዛ በመታየቱ ነው። አክሰስ ፖይንቱ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ጥቂት ዋት ይበቃዋል። አዳራሹ ሞልቶ ሁሉም ሬዲዮዎች ሲያሰራጩ ፍጆታው ይወጣል፣ መድረሻው ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መሣሪያው ይጠፋል። «ተጠቃሚው በዝቶ ነው» የሚለው አባባል እውነት የሚሆንበት መንገድ ይህ ነው፤ ያም ሆኖ መፍትሔው ተጠቃሚ መቀነስ ሳይሆን ኬብል መቀየር ነው።

6. የስልቱ ገደብ

ከላይ የተጠቀሰው ኤቲኤች9ኬ ለዚህ ስልት አስቸጋሪ ባሕርይ አለው፦ ሰርኪዩቱን ከማስነሣቱ በፊት የቆጣሪውን ንባብ ያስቀምጥና ከተነሣ በኋላ መልሶ ይጽፈዋል። ስለዚህ ድራይቨሩ በገዛ ራሱ የሚያደርገው አጭር ማስነሣት የልደት ቅጽበቱን አያዘልለውም። እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ላይ መነሣቱን የሚያሳየው የቢከኖች ተከታታይነት መጓደል ነው፤ ይህን ለማየት ደግሞ ያለማቋረጥ መቅዳት ግድ ይላል። ከዚህ የተነሣ የልደት ቅጽበት መዝለሉ መነሣትን ያረጋግጣል፤ አለመዝለሉ ግን አለመነሣትን አያረጋግጥም።

አንድ ሬዲዮ በርካታ የኔትወርክ ስሞችን ሲያሰራጭ ቆጣሪያቸው በአንዳንድ መሣሪያ የጋራ፣ በአንዳንዱ የየራስ ነው። አስተዳዳሪው አንድ ስም ብቻ አጥፍቶ ቢያበራ፣ ያንን ስም ብቻ የሚከታተል አጥኚ ሬዲዮው ወደቀ ብሎ ሊሳሳት ይችላል። በአንድ ሬዲዮ ቢያንስ ሁለት ስሞችን መከታተል ይህን ያስቀራል።

7. የቤተ መጻሕፍቱ ውጤት

ላፕቶፑ በንባብ አዳራሹ ጥግ ሆኖ በየአምስት ደቂቃው ናሙና እንዲወስድ ተደረገ። ከሳምንት በኋላ ሥዕሉ ግልጽ መሆን ጀመረ። አክሰስ ፖይንቶቹ ራሳቸው ለሳምንታት ሳይጠፉ የቆዩ ነበሩ፤ ስለዚህ የኃይልና የኬብል ጥርጣሬ ወደቀ። በእያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ላይ የሁለቱ ሬዲዮዎች የልደት ቅጽበት በሰከንዶች ልዩነት ተቀራራቢ ነበር፤ ስለዚህ ራዳርም የአየር ድምፅም ሊሆን አይችልም። ቀጥሎም የተለያየ ፎቅ ላይ ያሉ አክሰስ ፖይንቶች በአንድ አጋጣሚ አብረው ተነሥተው ተገኙ። ሁሉም ግን አልነበሩም፤ የሚወድቁትም ሁልጊዜ ያው አልነበሩም።

ይህ የመጨረሻው ግኝት ለተወሰነ ጊዜ ግራ አጋባን። ችግሩ ከሕንፃው ውጭ ካለ ሁሉም አብረው መውደቅ ነበረባቸው፤ በየመሣሪያው ውስጥ ካለ ደግሞ በአንድ ደቂቃ የሚገጣጠሙበት ምክንያት የለም። መልሱ የተገኘው ከኮንትሮለሩ ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ ነው። አክሰስ ፖይንቶቹ በሌላ ሕንፃ ካለው ኮንትሮለር ጋር የሚነጋገሩት በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው የካፕዋፕ ፕሮቶኮል ነው። ለቁጥጥር የዩዲፒ ወደብ 5246ን፣ ለዳታ 5247ን ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት በየ30 ሰከንዱ «አለህ?» እንደማለት ያለ የኤኮ መልእክት ይልካል። በእኛ ውቅር መልስ ያልመጣለት ኤኮ በ3 ሰከንድ ልዩነት አምስት ጊዜ ይደገማል። በእነዚህ 15 ሰከንዶች ውስጥ መልስ ካልተገኘ አክሰስ ፖይንቱ ኮንትሮለሩን እንዳጣ ይቆጥርና ሬዲዮዎቹን አጥፍቶ ፍለጋ ይጀምራል።

ሕንፃውን ከዋናው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው የፋይበር መስመር በሚዲያ ኮንቨርተር በኩል ወደ ስዊቹ ይገባል። የስዊቹ መዝገብ እንደሚያሳየው ይህ ወደብ አልፎ አልፎ ለጥቂት ሰከንድ ይወድቃል። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢሆን ማንም አያስተውለውም ነበር። ይሁንና በስዊቹ ላይ ይሠራ የነበረው አሮጌው የስፓኒንግ ትሪ አሠራር ስለሆነ፣ ወደቡ ከተመለሰ በኋላ 15 ሰከንድ ለማዳመጥ፣ 15 ሰከንድ ለመማር ይዘጋል። ኮንቨርተሩ ለመነሣት 3 ሰከንድ ቢፈጅበት ጠቅላላው መቋረጥ 33 ሰከንድ ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። መቋረጡ ከጀመረ በኋላ የአንድ አክሰስ ፖይንት ኤኮ የሚላከው ከ0 እስከ 30 ሰከንድ ባለው በማንኛውም ቅጽበት ሊሆን ይችላል። ኤኮው በመጀመሪያዎቹ 18 ሰከንዶች ውስጥ ከወጣ 15ቱ የድግግሞሽ ሰከንዶች መስመሩ ሳይመለስ ያልቃሉ፤ አክሰስ ፖይንቱ ይወድቃል። ከ18ኛው ሰከንድ በኋላ ከወጣ ግን ከድግግሞሾቹ አንዱ መስመሩ ተመልሶ ያገኘዋል፤ ይተርፋል። እንግዲህ 18 ለ30 ሲካፈል 60 በመቶ ነው። አሥር አክሰስ ፖይንቶች ቢኖሩ በአማካይ ስድስቱ ይወድቃሉ፣ አራቱ ይተርፋሉ፤ እነማን እንደሚወድቁ የሚወስነው የኤኮ ተራቸው እንጂ ዕድሜያቸውም ጤንነታቸውም አይደለም። ዕቃ ያስቀየረውና ሰው ያስጠረጠረው ይህ አጋጣሚ ነበር፦ በንባብ አዳራሹ ያለው ሲወድቅ በኮሪደሩ ያለው ይሠራ ስለነበር ጥፋቱ የዕቃው መሰለ።

የቀረው ኮንቨርተሩ ለምን እንደሚጠፋ ማወቅ ነበር። የልደት ቅጽበቶቹ ከጥዋቱ 4 ሰዓት እና ከቀኑ 9 ሰዓት ዙሪያ ይከማቹ ነበር፤ በእሑድ አንድም አልተገኘም። ኮንቨርተሩ የተሰካው በሠራተኞች ክፍል ውስጥ ባለ የኤክስቴንሽን ገመድ ላይ ሲሆን፣ በዚያው ገመድ ላይ ቡና የሚፈላበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሰካል። የኤክስቴንሽኑ መሰኪያ ላልቶ ስለነበር ምድጃው ሲሰካ የኮንቨርተሩ መብራት ጠፍቶ ሲበራ በዓይናችን አየን። ምድጃውን የሰኩልን እኅት «እኔ ነኝ እንዴ ኢንተርኔቱን የማጠፋው?» ብለው ሲደነግጡ፣ ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን ኮንቨርተሩን እዚያ ያስቀመጠው ውሳኔ መሆኑን ማስረዳት ነበረብን።

ኮንቨርተሩ በዩፒኤስ ወደሚደገፈው የስዊች መደርደሪያ ተዛወረ፤ በዚያው ቀን ስዊቹ ወደ ፈጣኑ የስፓኒንግ ትሪ አሠራር ተቀየረ። ሁለቱ በአንድ ቀን ስለተደረጉ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ለጥናት ሲባል በየተራ ቢደረጉ ይሻል ነበር፣ ነገር ግን የፈተና ሳምንት ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በወሰድናቸው ናሙናዎች የልደት ቅጽበቶቹ የሚንቀሳቀሱት በክሪስታል መንሸራተት ልክ ብቻ ነው። «አርጅቷል» ተብሎ የወረደው አክሰስ ፖይንት በሌላ ሕንፃ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል፤ የሰቀለውም ያው ቴክኒሻን ነው። ይህ ጽሑፍ እስከተጠናቀቀበት ቀን ድረስ የሬዲዮዎቹ የልደት ቅጽበት የተሰቀለበት ቀን ነው።